ለማን ነው የምትከፍሉት? የአዲስ አበባን የኪራይ ቤቶች ስለ መገመት

በሥራ ቀን ማታ፣ በዚህ የታክሲ ሰልፍ፣ ያውም ስለ ቤት ቆጠራ ለማዳመጥ መምጣት ቀላል ነገር አይደለምና ምስጋናዬ ከልብ ነው። ጋባዦቼ የሰጡኝ ርዕስ አጭር ነው፤ በአዲስ አበባ ስንት ቤት ከመንግሥት፣ ስንቱስ ከግለሰብ ተከራይቷል? አንድ ቁጥር ነግሬያችሁ ብወርድ ምሽቱ ባጠረ ነበር። ነገር ግን ምን ተቆጥሮ እንደተገኘ ያልተነገረለት ቁጥር ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ የዛሬው ዓላማዬ ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚበላሽ ማሳየት ነው። በመጀመሪያ «የመንግሥት» እና «የግል» የሚለው ክፍፍል ከየት እንደመጣ በአጭሩ አነሣለሁ። ከዚያ መዝገቡ የሚለውንና በር ተንኳኩቶ የሚገኘውን እናያለን፤ ቀጥሎም ሁለቱን ማስታረቂያ አንድ ስሌት አሳያችኋለሁ። አቋሜን ግን ከወዲሁ ላስቀምጠው። የመንግሥት ኪራይ ቤት ከእውነቱ በላይ፣ የግል ኪራይ ከእውነቱ በታች ይቆጠራል። ሁለቱ ስሕተቶች የሚገናኙትም አንድ ሥፍራ ላይ ነው፤ መንግሥት ያከራየውን ቤት ተከራዩ መልሶ ባከራየበት።

ክፍፍሉ የተወለደበት ቀን ይታወቃል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገበትን አዋጅ ቁጥር 47 አወጣ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው ተፈቀደ፤ የተረፈው ሁሉ ተወረሰ፤ ግለሰብ ቤት አከራይቶ ገቢ ማግኘቱም ቀረ። የተወረሱት ቤቶች በኪራያቸው መጠን ለሁለት ተከፈሉ። ወርኃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርጅት ደረሰ። መስመሩ በገንዘብ ይሰመር እንጂ ውጤቱ በቤቱ ግድግዳ ላይ ታየ። በዚያ ዘመን 100 ብር ብዙ ገንዘብ ስለነበር ጭቃ ቤቱ፣ ጠባቡ፣ መጸዳጃ ከጎረቤት የሚጋራው ሁሉ ወደ ቀበሌ ሄደ፤ ቪላውና ፎቁ ወደ ኪራይ ቤቶች። አነስተኛ ይከፍል ለነበረው ተከራይ ኪራይ ተቀነሰለት፤ የብዙው ቀበሌ ቤት ኪራይም በዚያው ቆሞ ቀረ። በወር ከአሥር ብር በታች የሚከፈልበት ቤት ከአዋጁ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት በአዲስ አበባ ብርቅ አልነበረም። ይህን ትንሽ ገንዘብ አትርሱት፤ በኋላ የምንመለስበት ብዙ ነገር መነሻው እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስሞቹ ተለዋውጠዋል። ኪራይ ቤቶች ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ሆኗል፤ ቀበሌ እንደ አስተዳደር እርከን ቀርቶ ቤቶቹን ወረዳ ያስተዳድራቸዋል። ሥርዓቱ ሲለወጥ የግል ኪራይ በግልጽ ተመለሰ። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ ኮንዶሚኒየም መጣ። ኮንዶሚኒየም ለሚቆጥር ሰው ወጥመድ ነው። የሠራው መንግሥት፣ ዕጣውን ያወጣው መንግሥት፣ ብድሩን የሰጠው የመንግሥት ባንክ ሆኖ ሳለ፣ ዕጣ የደረሰው ሰው ቁልፉን ተቀብሎ ሲያከራየው ኪራዩ የግል ኪራይ ነው። ሕጉም ለአምስት ዓመት አትሽጥ አለ እንጂ አታከራይ አላለም። ስለዚህ ባለዕጣው እናቱ ቤት ወይም ራሱ በርካሽ በተከራየው ቤት ተቀምጦ፣ የባንኩን ዕዳ ከሌላ ሰው ኪራይ ይከፍላል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ተከራይም አከራይም የሚሆንበት ከተማ ነው ያለን።

አሁን ወደ መዝገቡ። የመንግሥት ቤት መቁጠር ቀላል ይመስላል፤ አከራዩ አንድ ነው፣ ፋይል አለው፣ የኪራይ ደረሰኝ ይቆርጣል። በእርግጥም ከግል ኪራይ ጋር ሲነጻጸር ብዙ እናውቃለን። በከተማዋ ከ150 ሺህ በላይ የቀበሌ ቤቶች እንዳሉ፣ ኮርፖሬሽኑ ደግሞ ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ ቤቶች እንደሚያስተዳድር ሲነገር ቆይቷል። ሁለቱን ደምሮ «የመንግሥት ኪራይ ይህን ያህል ነው» ማለት የሚቀናው ሰው ግን ጥቂት ነገር መቀነስ አለበት። አንደኛ ከእነዚህ ቤቶች ውስጥ ሱቁ፣ ሥጋ ቤቱ፣ ፋርማሲው፣ መጋዘኑ አለ፤ «ቤት» ይባሉ እንጂ ሰው አያድርባቸውም። ከዚያ ደግሞ በአካል የሌለ ቤት አለ። የልደታ፣ የፒያሳ፣ የካዛንቺስ የቀበሌ ቤቶች በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ፋይላቸው ከግድግዳው ጋር እኩል አይፈርስም። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ክፍሎች ግድግዳቸው ተንዶ አንድ ቤት ይሆናሉ፤ መዝገቡ ላይ ሁለት ሆነው ይቀራሉ። የወረሰ ልጅ፣ በዝምድና የገባ፣ ቁልፍ ገዝቶ የገባ አለ፤ ደረሰኙ ግን የሚቆረጠው በሟች አያት ስም ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በጥር 2013 ዓ.ም. የከተማ አስተዳደሩ ያስጠናውን ጥናት ለሕዝብ ይፋ ሲያደርግ፣ ከ10 ሺህ በላይ የቀበሌ ቤቶችና ከ21 ሺህ በላይ ኮንዶሚኒየሞች ከሕግ ውጭ ተይዘው መገኘታቸውን ተናግሯል። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ያወራው ስለ ሌብነቱ ነበር፤ ይወራ፣ አግባብ ነው። እኔን የያዘኝ ሌላ ጉዳይ ነው። ከአሥር ሺህ በላይ ቤቶች ላይ ወረቀቱ «እገሌ ተከራይቷል» ሲል እገሌ እዚያ ካልነበረ፣ ያንን ወረቀት ቆጥሮ የተገኘ ድምር የቤት ድምር ሳይሆን የፋይል ድምር ነው።

በግል ኪራይ በኩል ደግሞ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቤቱ አለ፣ ወረቀቱ የለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሲወጣ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ውሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል አዘዘ። ለእኛ ለቆጣሪዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የግል ኪራይ ራሱን የቻለ መዝገብ አገኘ። ይሁንና መዝገቡን የሚሞላው አከራይ የሚያሰላው ነገር አለው። ከኪራይ ገቢ ላይ በሠንጠረዥ «ለ» ግብር ይከፈላል፤ የግለሰብ ማስከፈያው ልክ ለዓመታት እስከ 35 በመቶ ሲደርስ ቆይቷል። ከተመዘገበ ደግሞ ኪራዩን እንዳሻው መጨመር አይችልም። ስለዚህ አንዳንዱ ጭራሽ አይሄድም፤ አንዳንዱ ሦስት ክፍል አከራይቶ አንዱን ያስመዘግባል፤ አንዳንዱ በወረቀት አንድ ዋጋ፣ በእጅ ሌላ ዋጋ ይዋዋላል። ተከራዩስ ለምን ዝም ይላል ብትሉ፣ ነገ «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው፣ ልቀቅልኝ» መባልን ስለሚፈራ ነው። ደላላ ከፍሎ፣ ቀብድ አስይዞ፣ ዕቃ በአይሱዙ ጭኖ እንደገና መጀመርን የሚያውቅ ሰው በትንሽ ነገር ከአከራዩ ጋር አይጣላም።

መዝገቡ ሁለቱንም ወገን ካጣመመ፣ በር አንኳኩቶ መጠየቅስ? የሕዝብና ቤት ቆጠራችን ቤቱ የማን እንደሆነ ሲጠይቅ ኖሯል፤ የራስ ነው፣ ያለ ኪራይ ነው፣ ከቀበሌ፣ ከኪራይ ቤቶች፣ ከድርጅት ወይስ ከግለሰብ የተከራየ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የተጠየቀው ግን በግንቦት 1999 ዓ.ም. ቆጠራ ነው። አራተኛው ቆጠራ ለ2010 ታስቦ ወደ 2011 ተገፋ፤ ከዚያም ያለ ቀን ተራዘመ። በመካከሉ ያለው የናሙና ጥናት ነው፤ ናሙናም የሚመረጠው ከቆጠራ ካርታ ነው። የ1999 ካርታ ሲሣል ቱሉ ዲምቱና የካ አባዶ የኮንዶሚኒየም ከተሞች አልነበሩም። ካርታው በየጊዜው ካልታደሰ ናሙናው የድሮዋን ከተማ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ የድሮዋ ከተማ ደግሞ የቀበሌ ቤት የበዛባት ናት።

ያ የ1999 ቆጠራ አንድ ነገር አሳይቶናል። በአዲስ አበባ 662,728 ቤተሰቦች በ628,984 ቤቶች ውስጥ ይኖሩ ነበር። ልዩነቱ ወደ 34 ሺህ ይጠጋል፤ ከቤቱ ቤተሰቡ ይበልጣል ማለት ነው። በቆጠራ ሕግ ቤተሰብ ማለት አብሮ የሚያበስልና የሚበላ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ምድጃ ካለ ሁለት ቤተሰብ አለ። «ስንት ቤት ተከራይቷል» እና «ስንት ቤተሰብ ተከራይ ነው» የሚሉት ጥያቄዎች አንድ መልስ የላቸውም። ጋዜጦቻችን ሁለቱን እያቀያየሩ ይጠቀሙባቸዋል፤ አንዳንዴም በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ።

አንድ ግቢ ላስገባችሁ። ጉለሌ ነው። ፊት ለፊት ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት አለ፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ። እማወራዋ እዚያ የተወለዱ ናቸው። ሳሎኑ ውስጥ ከመጋረጃ ጀርባ ባለ ሁለት ፎቅ አልጋ አለ፤ ካፌ የሚሠሩ ሁለት ልጆች በደባልነት ያድሩበታል፣ በቡታጋዝ የየራሳቸውን ይሠራሉ። ጓሮው ላይ፣ ዱሮ ማድቤት በነበረበት፣ ሦስት የቆርቆሮ ክፍሎች ተደርድረዋል። በአንዱ ባልና ሚስት ከሕፃን ጋር፣ በአንዱ ቀን ሠራተኛ፣ በአንዱ ተማሪ። በሩ ላይ አንድ የቤት ቁጥር፣ ግድግዳው ላይ አንድ የመብራት ቆጣሪ፣ ግቢው ውስጥ አንድ ቧንቧ። መረጃ ሰብሳቢዋ ደብተሯን ይዛ ገባች፤ ቡና እየተፈላ ነበርና ቁጭ በይ ተባለች። «እማማ፣ እነዚህ ልጆችስ?» ብላ ጠየቀች። «የእህቴ ልጆች ናቸው፤ ለሥራ ብለው መጥተው እኔ ጋ ናቸው» አሉ ሴትየዋ፣ ስኒውን እያቀበሉ። ከልጆቹ አንዷ ሣቋን ለመደበቅ ወደ ውጭ ወጣች። ጓሮውስ? «እሱ የዕቃ ቤት ነው።»

በሴትየዋ አልፈርድም። የቀበሌ ቤት መልሶ ማከራየት ቤቱን ሊያስነጥቅ ይችላል፤ ጡረታቸው ደግሞ ለወር አትደርስም። ነገር ግን የዚህን ግቢ ቁጥር እንመልከት። የወረዳው መዝገብ አንድ የመንግሥት ኪራይ ይላል። የመብራት መሥሪያ ቤት አንድ ደንበኛ ይላል። የኪራይ ውል ምዝገባው ምንም አይልም። መረጃ ሰብሳቢዋ አንድ የመንግሥት ተከራይ ቤተሰብ ጽፋ ወጣች፣ አባላቱ በዛ ያሉ። እውነቱ፣ ልጆቹ አንድ ላይ ቢበሉ እንኳ፣ አምስት ምድጃ ነው፤ አንድ ከመንግሥት የተከራየ፣ አራት ከግለሰብ የተከራዩ፣ ያ ግለሰብም ራሱ ተከራይ። ኪራዩን በገንዘብ ብንቆጥረው ደግሞ ከዚያ ግቢ ወደ መንግሥት የሚሄደው ከልጆቹ ለአልጋዋ ከሚከፈለው ጋር አይወዳደርም። የአሥር ብሩ ኪራይ ያመጣው ይህን ነው። በመንግሥትና በግል ኪራይ መካከል ዋጋው እንዲህ ሲራራቅ፣ በመካከል የሚያከራይ ሰው መፈጠሩ አይቀርም።

የበር ማንኳኳት ሌላም ጉድለት አለበት፤ ዝግ ቤት። መረጃ ሰብሳቢ የሚዞረው በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ቤት የሚገኙት ጡረተኛው፣ የቤት እመቤቷ፣ አራሷ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤት ወይም የቆየ የቀበሌ ተከራይ። ብቻውን የሚኖረው ወጣት የግል ተከራይ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ማታ ይገባል። ኮንዶሚኒየም ላይ ጥበቃው «አራተኛ ፎቅ ሰው አለ፣ ስማቸውን ግን አላውቅም» ይላል። ዝግ ሆነው የቀሩት ቤቶች ልክ እንደተከፈቱት ናቸው ብሎ ማስላት፣ ተከራዩን ከከተማዋ መሰረዝ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ግን ውድ ነው፤ እሑድ ጠዋትና ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ መመለስ፣ የትራንስፖርትና የውሎ አበል መክፈል።

አሁን ቃል ወደገባሁላችሁ ስሌት ልለፍ። ሁለት ጎደሎ መዝገቦች ካሉን፣ ከሁለቱ ጉድለት ውስጥ ራሱ የጠቅላላውን መጠን ማውጣት ይቻላል። መንገዱ ዓሣ ከሚቆጥሩ ሰዎች የመጣ ነው። ዝዋይ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥምደህ ምልክት አድርገህ ትለቃለህ፤ ሌላ ቀን ደግመህ ታጠምዳለህ፤ በሁለተኛው መረብ ምልክት ያለው ስንት እጅ እንደሆነ አይተህ ሐይቁ ምን ያህል እንደያዘ ትገምታለህ። ለኪራይ ቤትም እንዲሁ ነው። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የፈጠርኩት ነው። በአንድ ወረዳ 400 የግል ኪራይ ውሎች ተመዝግበዋል እንበል። ከምዝገባው ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው ሰዎች በዚያው ወረዳ በናሙና ቀጠናዎች ዞረው 300 የግል ተከራይ ቤተሰቦች አገኙ። ከ300ው ውስጥ 100ው መዝገቡ ላይ ስማቸው አለ። እንግዲህ መዝገቡ ካገኘናቸው ሲሶውን ይዟል፤ ከጠቅላላውም ሲሶውን ይዟል ብንል፣ 400 ሲሶ ከሆነ ጠቅላላው 1,200 ነው። ሁለቱን መዝገብ ደምረን የተደገመውን ብንቀንስ የምናገኘው 600 ብቻ ነበር። ግማሹ የግል ተከራይ በዓይናችን ሥር ያመልጠን ነበር ማለት ነው።

ስሌቱ ያማረ ነው፤ ስለዚህም ይጠረጠር። የሚሠራው ሁለቱ መረቦች የማይተዋወቁ ከሆነ ነው። ከግብር የሚሸሸግ አከራይ ግን ከመረጃ ሰብሳቢም ይሸሸጋል፤ ሁለቱም መረብ የሚይዘው ያንኑ የማይፈራውን ሰው ነው። ያን ጊዜ የሁለቱ መደራረብ ከሚገባው በላይ ይበዛል። ከ100 ወደ 150 ቢወጣ 1,200ው ወደ 800 ይወርዳል። በሌላ ወገን ደግሞ የራሳችን ፊደል ይፈትነናል። መዝገቡ ላይ «ፀሐይ ኃይሉ» ተብሎ የተጻፈው ሰው ጥናቱ ላይ «ጸሃይ ሀይሉ» ይሆናል፤ ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው ነው ብሎ ይለየዋል። በዚህ ምክንያት ብቻ ሃያ ሰዎች ሳይገናኙ ቢቀሩና መደራረቡ 80 ቢሆን ግምቱ 1,500 ይደርሳል። ከሦስቱ ቁጥሮች የትኛውን እንደማምን ብትጠይቁኝ፣ ፊደሉን አስተካክሎ የመጣውን እቀበልና «ከዚህ አያንስም» ብዬ እጽፈዋለሁ። መደበቅ ግምቱን ወደ ታች እንደሚጎትት አቅጣጫውን ስለምናውቅ፣ የግል ኪራይን ወለል እናገኛለን፤ ጣሪያውን ግን አናገኝም። ኮንዶሚኒየምና አሮጌ ግቢም ለየብቻ መሰላት አለባቸው። በአንዱ ምዝገባው ይቀላል፣ በሌላው በር ማንኳኳቱ ይቀላል፤ ሲደባለቁ ሁለቱም ይጠፋሉ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይጠቅማል የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። አንዱን ጥቅም በገበያ አሳያችኋለሁ። የዋጋ ግሽበት ሲሰላ የቤት ኪራይም አብሮ ይገባል። ከመቶ ተከራይ 40ው የቀበሌ ነው ብንል፣ የእነሱ ኪራይ ካልተነካና የግል ኪራይ 20 በመቶ ከጨመረ፣ በሰው ቁጥር ስንመዝነው አማካይ ጭማሪው 12 በመቶ ነው። የቀበሌው ተከራይ በእውነት 20 ብቻ ከሆነ ግን ጭማሪው 16 በመቶ ይሆናል። ደመወዝ ተከፋዩ «ይሄ የምትሉት ግሽበት እኔ ቤት አይታይም» ሲል ሁልጊዜ ተሳስቶ ላይሆን ይችላል። ሌላው ጥቅም የሚታየው ቡልዶዘር ሲመጣ ነው። ሠፈር ሲነሣ የቀበሌ ቤት ተከራይ ፋይል ስላለው ምትክ ቤት የሚጠይቅበት መስኮት አለው። ጉለሌ ባየነው ግቢ ውስጥ ከአምስቱ ምድጃ አንዱ ብቻ ነው እንዲህ ያለ ፋይል ያለው። አራቱ ሲነሡ የትም አይቆጠሩም፤ የት እንደገቡም አይታወቅም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ቆጠራም ሆነ ከዚያ በፊት ለሚደረግ የናሙና ጥናት የማቀርበው ሐሳብ አንዲት ተጨማሪ ጥያቄ ናት። «ኪራይ ለማን ትከፍላላችሁ?» ከሚለው ቀጥሎ «እሱስ ለዚህ ቤት ለማን ይከፍላል?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሱ አራት ሣጥን ብቻ ይፈልጋል፤ ለወረዳ፣ ለኮርፖሬሽኑ፣ ለሌላ ግለሰብ፣ ለማንም። ጥያቄው የሚቀርበው ለደባሉና ለጓሮ ተከራዩ ነው፣ ብቻቸውን፣ እማወራዋ በሌሉበት፤ መልሱም ለወረዳው ቤቶች አስተዳደር እንደማይተላለፍ በሕግ መረጋገጥ አለበት። ያ ካልተረጋገጠ ጥያቄዋን ጨርሶ አለመጠየቅ ይሻላል፤ ሰው የሚጎዳበትን መልስ እያወቅን ማውጣት አይገባንምና። ሙከራውን ሁለት ወረዳ ላይ መጀመር ይቻላል፤ አንድ ከአራዳ አሮጌ ግቢዎች፣ አንድ ከየካ አባዶ ብሎኮች። የማሰባሰቢያው ጊዜ ከእሑድ ጠዋት እስከ እሑድ ማታ ይሁን።